የአምባዛዎቼ ቀለብ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ ሽማግሌ ይሆናል ወይ ሥራ ፈት ይሆናል። እኔ ዓሣ አርቢ ሆንኩ። ይህን የምላችሁ ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራትም ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ በቶርኖ ብረት ስቆርጥ ኖሬ፣ የሆነ ቀን ቤት ግባ ተባልኩና ገባሁ። አንድ ወር ሙሉ የቤቱን ማጠፊያ ሁሉ ዘይት ቀባሁ። የሚቀባ ማጠፊያ ሲያልቅ ባለቤቴ እቴነሽ በዓይኗ «አሁንስ ምን ልትነካ ነው?» ትለኝ ጀመር።

ጊዜው «ተደራጁ» የሚባልበት ጊዜ ነው። ወጣቱ ተደራጅቶ ብሎኬት ይመታል፣ ሴቶቹ ተደራጅተው ዶሮ ያረባሉ፤ እኔን በዚህ ዕድሜዬ የሚያደራጀኝ ጠፋ። በዚህ መሀል ሰብለ የምትባል የግብርና ባለሙያ ሰፈራችንን ስትዞር ግቢዬን አየችና «ጋሼ፣ ቦታም ውሃም አለዎት፤ የሲሚንቶ ገንዳ ሠርተው ለምን ዓሣ አያረቡም?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሥራ ለፈታ ሰው አይነገርም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ገንዳው ቆመ፤ ከሐይቅ ዓሣ አጥማጆችም ሦስት መቶ ጫጩት በበርሜል አስመጣሁ።

ዓሣ ስላችሁ በየምግብ ቤቱ የሚጠበሰውን ቆሮሶ እንዳታስቡ። አምባዛ ነው። ቅርፊት የለው፣ ጢሙ እንደ ድመት፣ ጭንቅላቱ በአካፋ ጀርባ የተመታ የሚመስል። መልኩን አይቶ የሚወደው እናቱ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን እንቁላሏን ጥላ ነው የምትሄደው።

«ባልሽ ምን ይሠራል ቢሉኝ ምን ልበል?» አለች እቴነሽ።

«ዓሣ ይቀልባል በያቸው።»

«ዓሣን የሚቀልበው እግዚአብሔር አይደለም እንዴ?»

እንግዲህ የመከራዬ ሁሉ ምንጭ ይኸው መቀለብ የሚሉት ነገር ነው። ሰብለ በወረቀት ጽፋ ሰጥታኛለች፦ ጠዋትና ወደ ማታ፣ ትንሽ ትንሽ እየተበተነ፣ መብላት ሲያቆሙ ማቆም። ወረቀቱን አንብቤ ታዘብኳት። የወሎ ሰው እንግዳ አስቀምጦ መብላት ሲያቆም ያቆማል? እኛ ዘንድ እኮ እንግዳው «በቃኝ» ሲል ማዕዱ ገና መጀመሩ ነው። በሞቴ ይባላል፣ አፈር ስሆን ይባላል፣ እንቢ ካለም ይዘው ያጎርሱታል። እኔ ሦስት መቶ እንግዳ ቤቴ አስቀምጬ በወረቀት ልመግብ?

ቀለቡ ደግሞ ሞልቶልኛል። ግድግዳ የሚያዋስኑኝ ጎረቤቴ ሐጂ ይመር ወፍጮ ቤት አላቸው። የዱቄት አቧራ ጢማቸውን ሁልጊዜ ከዕድሜያቸው በላይ ስለሚያነጣው የማያውቃቸው ሰው ሁሉ እጃቸውን ስሞ ነው የሚያልፍ። እሳቸው በየማለዳው አንድ ጆንያ ፉርሽካ በሬ ላይ ያስቀምጡልኛል። እኔም እንዳለ እገለብጠዋለሁ። ለምሳም እደግማለሁ። ከእራት የተረፈ ካለም አይቀርባቸውም።

በሳምንቱ ማለዳ ስወጣ ዓሣዎቹ በሙሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውሃው በላይ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። ደስታዬን አልቻልኩትም። እቴነሽን ጠራሁ፣ ሐጂን ጠራሁ።

«ኑ እዩ፣ ሲያመሰግኑኝ!»

ሐጂ አጎንብሰው ተመለከቱና «ሱብሐነላህ፣ እንስሳም ውለታ ያውቃል» አሉ።

ሰብለ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ ገባች። «ጋሼ፣ ምስጋና አይደለም፣ አየር አጥሯቸው ነው! ያልተበላው ቀለብ ከሥር በስብሶ ውሃውን ገድሎታል። አምባዛ ብርቱ ሆኖ ነው እንጂ ሌላ ዓሣ ቢሆን እስካሁን በጀርባው ተንሳፍፎ ነበር።»

ያን ዕለት ሙሉ የገንዳውን ውሃ ስንጨልፍ ዋልን። ሐጂ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ከእኔ ጋር ገቡ። ከሥር የዘቀጠው ነገር ገንፎ ይመስላል፤ ሽታውን ግን ከምንም ጋር ላመሳስለው አልችልም፣ ገንፎ የሚወድ ሰው ይቀየመኛል። ማታ ወገባችንን ይዘን ስንወጣ ሐጂ «አንተ ሰው፣ ደግነትህ ሊፈጃቸው ነበር እኮ» አሉኝ። እውነት ነው። ዓሣን በፍቅር መግደል የጀመርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ ወዲያ በቀለቡ ቆጠብ አልኩ። የሰው ልጅ ከአንዱ ጥግ ሲባረር መሀል ላይ አይቆምም፤ ሌላው ጥግ ድረስ ይሮጣል። ፉርሽካውን በጣሳ ለክቼ፣ በርጩማዬን ገንዳው አጠገብ አስቀምጬ፣ እንደተቀመጥኩ እፊቴ እጥለዋለሁ። እዞር ዘንድ ጉልበቴ አይፈቅድም፤ ደግሞስ የራበው ራሱ ይመጣ የለ? ኩሩ ነበርኩ። ውሃው እንደ መስታወት ጠራ።

ውሃው ሲጠራ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ዓሣዎቹ ሳስተዋል። ገንዳውን ሳጥብ ቆጠርኳቸው፤ ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት። እንደገና ቆጠርኩ፤ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት። የቀሩት ሬሳቸው የለም፣ አጥንታቸው የለም። ዓሣ በእግሩ አይሄድ (አምባዛ በዝናብ ጊዜ በሆዱ እየተሳበ እንደሚሄድ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያኔ ግን ዝናብም አልነበረ)። አጥሩ ላይ ስመለከት የድመት ኮቴ! እርጥብ፣ ትኩስ፣ ከሐጂ ይመር ግቢ ወደ እኔ የመጣ ኮቴ። የሐጂን ድመት ደግሞ ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ዳልቻ፣ ወፍራም፣ ሰው ሲያይ መንገድ የማይለቅ።

መርማሪ ብሆን ኖሮ እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስብ ነበር። እኔ ግን የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ፤ ብረቱ ከገባ እቆርጣለሁ። ቀጥ ብዬ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ቀኑ የገበያ ቀን ስለሆነ እህል ያመጣው ሰው ተሰልፏል።

«ሐጂ፣ ድመትዎን ይሰሩልኝ!» አልኩ በወፍጮው ጩኸት ላይ።

«ምን አደረገ?»

«ዓሣዬን ጨረሰው።»

ሐጂ ሳቁ። «ኧረ አይጥ ጠግቦ መራመድ ያቃተው ድመት ነው፤ ይኸው ከጆንያው ሥር ተኝቶልሃል።»

መሳቃቸው ቆጨኝ። ሰው ፊት መሳቃቸው የባሰ ቆጨኝ። እናም እስከ ዛሬ ድረስ ሳስበው ጆሮዬን የሚያግለውን ቃል ተናገርኩ፦ «እንግዲያስ ድመቱ ሁለት እግር ያለው ይሆናላ!»

ሐጂ ይመር እጃቸውን ዘርግተው ወፍጮውን አጠፉ። ያ ወፍጮ ለአዛን ካልሆነ በቀር በገበያ ቀን ሲጠፋ ሰምቼ አላውቅም። ሐጂ አልጮኹም፣ አልማሉም። ጢማቸው ላይ ያለውን ዱቄት ጠረግ ጠረግ አድርገው «ሰምቻለሁ፤ ሂድ» አሉኝ። ሄድኩ።

በማግሥቱ በሬ ላይ ፉርሽካ አልነበረም።

እቴነሽ ነገሩን ከሰማች በኋላ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ስታናግረኝ ደግሞ ዝምታዋ ናፈቀኝ። «ልጆቻችንን ያሳደገልን የሳቸው ግቢ ነው! እናትህ የሞተች ጊዜ ድንኳኑን ማን ተከለ? አሁን ለዚህ ጢማም ዓሣ ብለህ ሐጂን ሌባ አልክ?» ለዓሣዎቹ የማቀርበው አልቆብኝ በጣሳው የምለካውን በስኒ መለካት ጀምሬያለሁ። ዓሣው ግን ይባስ ብሎ ይጎድላል። ሐጂ ከሆኑ የሚወስዱት፣ አሁን ተቆጥተው በእጥፍ ይወስዳሉ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሞኝ ሐሳብ ሳይቀር አስቤአለሁ፤ አልደብቃችሁም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ በርጩማዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ከዓሣዎቹ ሁሉ የሚበልጠው፣ እኔ ዘወትር እፊቴ የማበላውና የምኮራበት፣ ወደ ላይ ብቅ አለ። ከአፉ ጅራት ወጥቷል። መጀመሪያ ምላሱ መሰለኝ። ምላሱ ተወራጨ። ወንድሙን ነው የሚበላው!

ሰብለን አስጠራሁ። ገንዳውን አየች፣ በርጩማውን አየች፣ እኔን አየች። «ጋሼ፣ ቀለቡን ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚጥሉት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ጉልበተኛው እዚህ ቆሞ ሁሉን ይበላል፤ ደካማው እዚያ ማዶ ይራባል። አንዱ ይፋፋል፣ አንዱ ይከሳል። አምባዛ ደግሞ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። ዙሪያውን መበተን ነበረብዎ፤ ትልልቆቹንም መለየት።»

በርጩማዬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ድመት የለ፣ ሌባ የለ። ከሰማንያ ስድስት በላይ ዓሣ የበላው የእኔ የጉልበት ስንፍና ነው።

ይቅርታ መጠየቅ ከባድ ነው የሚሉ ሰዎች ሰው በሌለበት የጠየቁ ናቸው። በገበያ ቀን፣ በተሰለፈ ሰው ፊት የተሳደበ፣ በገበያ ቀን በተሰለፈ ሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሌላ መንገድ የለውም። ወንጀለኛውን አምባዛ በባልዲ ውሃ ውስጥ ከትቼ ለምስክርነት ይዤ ሄድኩ። ሰልፈኛው መንገድ ለቀቀልኝ። ባልዲውን ሐጂ እግር ሥር አስቀመጥኩ።

«ሐጂ፣ ሌባውን አምጥቻለሁ። ከራሴ ገንዳ ነው የወጣ። እርስዎን የተናገርኩበት ምላሴ ይቆረጥ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሐጂ ወፍጮውን አጠፉት፤ ሁለተኛ ጊዜ። አጎንብሰው ባልዲው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። እኔማ አየር ያጠረው አምባዛ ነው የምመስለው።

«ድመቴ ያልከው ይሄን ነው?»

«አዎ ሐጂ።»

«ወላሂ፣ ጢሙ ይመሳሰላል» አሉ። «ብትሳሳትም አይፈረድብህ።»

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ ትከሻዬን ይዘው «አብሽር» አሉኝ፤ ይህችን ቃል የወሎ ሰው ብቻ ነው በልኳ የሚያውቃት። እኔ መሳቅና ማልቀስ ተምታቶብኝ ባልዲውን ልረሳው ነበር። በማግሥቱ ፉርሽካው መጣ። ራሳቸው ተሸክመው ነው ያመጡት፤ አልፎ ተርፎም ገንዳውን ዞረው በተኑት።

አሁን ታረቅን፣ ለየናቸው፣ በተንን። ሰብለ ግን አትጠግብም። «ፉርሽካ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆንም ጋሼ። አምባዛ ሥጋ በል ነው። ደም ቢያገኙ ጥሩ ነበር፤ አፍልተው፣ አድርቀው ይቀላቅሉታል።»

ደሴ ቄራ የሚሠራ ዘመድ አለኝ። ወጣሁ፤ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሙሉ ደም ሰጠኝ። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አሳሰርኩና ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ጉዞ ጀመርን። ጀሪካኑ ፀሐይ መታው፣ የሐረጎ ጥምዝምዝ መንገድ ናጠው፤ ውስጡ ምን እንደተሰማው አላውቅም፣ ክዳኑን ተፋው። የፊት መስታወቱ ላይ ቀይ ነገር ወረደ። ሾፌሩ መጥረጊያውን አበራው፤ ባላበራው ምናለ!

አንዷ «ማርያም!» ብላ ጮኸች፤ ሌላው «ያ ረቢ!» አለ፤ መኪናው ጥግ ያዘ። ተሳፋሪው በሙሉ ወርዶ የራሱን ገላ ይዳብሳል፣ የት እንደቆሰለ ይፈልጋል። እኔም ነገሩን ላለማስነቃት ራሴን ዳበስኩ። ትራፊክ ፖሊስ ደረሰ።

«ይህ ደም የማን ነው?»

ረዳቱ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ።

«የበሬ ነው» አልኩ።

«ባለቤቱን ነው የጠየቅኩ!»

«በሬው ሞቷል ጌታዬ።»

ነገሩን እስካስረዳ ድረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ መኪናውን እስካጥብ ድረስ ሌላ አንድ ሰዓት። ቤት ስደርስ ከጀሪካኑ የቀረው ከሸሚዜ ላይ ካለው ያንሳል። ሐጂ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ደም እኛ ዘንድ ሐራም ነው። ደም የተቀለበ ዓሣ ልቤ አይወደውም፤ ገበያተኛህም አይወድልህ። ሌላ ፈልግ» አሉ። እቴነሽ ሸሚዙን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «አሁን ገና ከሐጂ ጋር ተስማማሁ» አለች፤ ሁልጊዜ የምትስማማ ናት።

ሌላውን አገኘን። ሐይቅ ያሉ አጥማጆች የሚጥሉትን የዓሣ ጭንቅላት ሰብስቤ ጣሪያ ላይ አደረቅሁ፤ የሰፈሩ ድመት ሁሉ (የሐጂ ድመት ጭምር፣ አሁን በሕጋዊ መንገድ) ለጥበቃ ተሰለፈ። ከኑግ ዘይት መጭመቂያ ፋጉሎ አመጣሁ። ወደ ቆላው የሚመላለሱ የሐጂ ደንበኞች የደረቀ ምስጥ በከረጢት ያመጡልኝ ጀመር። ሁሉንም ሐጂ ወፍጮ ላይ ፈጨነው። ግን ዱቄት ውሃ ላይ ሲበተን ግማሹ ይሟሟል፤ እንደገና ወደዚያ ገንፎ መመለስ ነው።

እዚህ ላይ ነው እጄን ያሳከከኝ። ከቁራጭ ብረት ሲሊንደር ቀጠቀጥኩ፣ የሥጋ መፍጫ የመሰለ ጠመዝማዛ አወጣሁለት፣ አፉ ላይ የተበሳሳ ክብ ብረት ገጠምኩ፤ ከሐጂ ወፍጮ ሞተር ጋር በቺንጋ ቀበቶ አያይዘን አስነሳነው። የመጀመሪያው ቀለብ ውሃ ሲነካ ፈረሰ። ሁለተኛውን ጠንከር አደረግሁት፤ አንዱ ዓሣ ሲነክሰው ድምፁ ተሰማኝ፣ ጠጠር ነው። ለሦስተኛው እቴነሽ የስንዴ ዱቄት ሙቅ ሠርታ «በዚህ ለውሰው፣ ሊጥ የማያውቅ ወንድ!» አለችኝ። ከማሽኑ አፍ ልክ ልክ እየሆነ፣ ቡናማ፣ ክብ፣ ልቅም ያለ ፍሬ ወጣ። ደርቆ ሲታይ ዳቦ ቆሎ ነው።

ሰብለ አንዱን ፍሬ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣለችና ሰዓቷን እያየች ቆመች። ፍሬው አልፈረሰም። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የፋብሪካ ነው የሚመስለው!» አለች። ያን ቀን ቁመቴ ጨመረ፤ በር ስገባ ዝቅ ያልኩ ሁሉ ይመስለኛል። ዓሣዎቹስ? በስድስት ወር ክንዴን አከሉ። አንዱም ወንድሙን አልበላ።

ወሬው ተሰማ። «ሞዴል አርቢ» ተባልኩና እንግዶች ሊጎበኙኝ ሆነ። ከደሴ ዙሪያና ከቢስቲማ ገበሬዎች በመኪና መጡ፤ ከላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ኃላፊ ይመጣሉ ተባለ። ድንኳን ተጣለ። ሰብለ ባዘዘችው መሠረት ቀለቡን ለማሳያ ንጹሕ ሰፌድ ላይ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። ኃላፊው እስከ ስምንት ሰዓት ቆይተው ደረሱ፤ ምሳ እንዳልበሉ ፊታቸው ይናገራል። ወንበር ላይ ዘፍ አሉ፣ እጃቸውን ወደ ሰፌዱ ዘረጉ፣ አንድ እፍኝ አንስተው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ።

ሰብለ ደርቃ ቀረች። ኃላፊው አኝከው ዋጡ። እንደገና ዘገኑ።

«ይህ ዳቦ ቆሎ ልዩ ነው» አሉ። «ጠንከር ያለ ነው፣ ግን ልዩ ነው። ሐጂ፣ ይዝገኑ እንጂ!»

«ሰኞ ነው፣ ጾመኛ ነኝ» አሉ ሐጂ ቶሎ ብለው።

«አንቺስ ልጄ?»

«ጥርሴን አሞኛል» አለች ሰብለ።

«እመቤቴስ?»

«ሐኪም ቆሎ ከልክሎኛል» አለች ከሐኪም ቤት ደጃፍ ደርሳ የማታውቀው እቴነሽ።

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጾም የለኝ፣ ጥርሴ ደህና፣ ሐኪም የከለከለኝ ነገር የለ። ዘገንኩ። መጀመሪያ ፉርሽካው መጣ፤ ቀጥሎ ፋጉሎው፤ ከዚያ ከኋላ በኩል ሐይቅ ከነዳርቻው መጣ። ዋጥኩት። የሚገርማችሁ፣ ክፉ አይደለም። ጨው ነው የጎደለው።

«ማን ነው የሠራው?» አሉ ኃላፊው።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ብረት ቆርጦ፣ በስተርጅና የሠራውን ነገር ትልቅ ሰው «ልዩ ነው» ሲልለት ዝም ይላል? «እኔ ነኝ ጌታዬ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ምን ምን ገባበት?»

ሐሰት መናገር አልሆነልኝም፤ ወፍጮ ቤት ሐጂን ከበደልኩበት ቀን ወዲህ ያልሆነ ቃል ከአፌ ሲወጣ ያቃጥለኛል። «ፉርሽካ» አልኩ።

«ጥሩ፣ ለሆድ ይስማማል።»

«ፋጉሎ።»

ማኘካቸው ቀነሰ። «ፋጉሎ?»

«የደረቀ የዓሣ ጭንቅላት።»

ማኘካቸው ቆመ።

«ምስጥም አለበት፤ ትንሽ ነው። የዓሣዎቹ ቀለብ ነው ጌታዬ።»

ከድንኳኑ ውጭ አንድ ዓሣ ውሃውን ሲመታ ተሰማ። ኃላፊው አፋቸው ውስጥ ያለውን ይትፉት ይዋጡት እያሰቡ እኔን ትክ ብለው አዩኝ። ሕዝብ ፊት ናቸው፤ ዋጡት። ከዚያ ቀስ ብለው «ጉዳት የለውም?» አሉ።

«እስካሁን የሞተብኝ የለም» አልኩ።

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ድንኳኑ ተከተላቸው፤ ሐጂ በጾም አንጀታቸው እስኪያነቡ ሳቁ። ገንዳው ዳር ወስጄ ዞሬ በተንኩላቸው፤ ክንድ ክንድ የሚያህለው አምባዛ ውሃውን ሲያፈላው ሳቁ ወደ እልልታ ተቀየረ። ከቢስቲማ የመጡ አንዲት እናት «በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚሰጣቸው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ኃላፊውን በዓይናቸው ጠቀስ አድርገው «ለዓሣው ማለቴ ነው» አሉ። ሲመሽ ማሽኑን ሥራልኝ ያለኝን ገበሬ ስም ብቻ ጽፌ አልጨረስኩም።

እንግዲህ የዓሣ ቀለብ የሚሠራ ሰው በአገሩ ሞልቷል፤ አልክድም። ሠርቶ፣ ራሱ ቀምሶ፣ ኃላፊ አስቀምሶ፣ ዓሣውም ሰውየውም በሰላም የዋለለት ግን ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ቤት ብቻ ነው። ብትመጡ ወፍጮ ቤቱን ጠይቁ፤ ሐጂ ይመር ያሳዩአችኋል። ምሳችሁን በልታችሁ ኑ።